አንዱ ቨርቹዋል ማሽን ቢያዝ ሰርቨሩ በሙሉ ይያዛል? (ጅማ፣ ኢኤስኤክስአይ 7)

ሄርማታ_አድሚን፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ አንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። አይቲው እኔ ብቻ ነኝ። ኔትወርኩም፣ ፕሪንተሩም፣ የባለቤቱ ልጅ ስልክም በኔ ላይ ነው።

አንድ ሰርቨር አለን። ኢኤስኤክስአይ 7 (አንዱን ሰርቨር ለብዙ ማሽን የሚከፍለው የቪኤምዌር ሶፍትዌር) ተጭኖበታል፣ አራት ቨርቹዋል ማሽኖች አሉት። አንዱ የሂሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ያለበት ነው። ሂሳብ ክፍሎች በሪሞት ዴስክቶፕ እየገቡ ይሠሩበታል፣ ኢሜይላቸውንም እዚያው ይከፍታሉ። ሌላው የመጋዘኑ ሚዛን ሶፍትዌር ነው። ከዚያ ፋይል ሰርቨር፣ ከዚያ ባክአፕ የሚቀመጥበት። እንዲህ አድርጎ ያዋቀረው ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ነው።

ሰሞኑን ስለ ቪኤምዌር ቀዳዳዎች ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። ከቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ተነስቶ ወደ ሆስቱ (ሁሉንም ወደሚያስኬደው ሰርቨር) መውጣት ይቻላል ይላል። ለባለቤቱ ላስረዳ ብል «አንቲቫይረስ ገዝተን የለ እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በአራቱም ላይ አለ።

እና አንቲቫይረሱ ይህን ይከላከላል ወይ? ደግሞ ከመፍትሔዎቹ አንዱ ዩኤስቢ ኮንትሮለሩን አውጡ ይላል። የሚዛኑ ሶፍትዌር ግን ያለ ዩኤስቢ ዶንግል (ፈቃዱን የሚያረጋግጥ ቁልፍ) አይነሳም። ምን ትሉኛላችሁ?

ፈረንጅ_አራዳ፦

ወንድሜ ነገር አታካብድ። ለጅማ ቡና መጋዘን ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሀከር የለም። እኔ የማስተዳድረው ሰርቨር ከተጫነ ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም፣ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። እየሠራ ያለ ነገር ለምን ይነካል?

ኪቶ_ሊነክስ፦

አራዳው፣ አንተን ብሎ የሚመጣ የለም፣ እዚህ ላይ እንስማማለን። ግን እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2023 የሆነውን አስታውስ። ኢኤስኤክስአይአርግስ የተባለው ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮችን ሲቆልፍ ማንንም በስም አልመረጠም። በኢንተርኔት ላይ የተጋለጠውን ሁሉ በማሽን እያሰሰ ነው የገባው። ገባበት የተባለው ቀዳዳ ሲቪኢ-2021-21974 ነው (ሲቪኢ ለየቀዳዳው የሚሰጥ መለያ ቁጥር ነው)፣ በፖርት 427 የሚያዳምጠው ኦፕንኤስኤልፒ የተባለ አገልግሎት ውስጥ ያለ የሂፕ ኦቨርፍሎው፣ ማለትም ከተያዘለት ሜሞሪ አልፎ መጻፍ። ማስተካከያው ከወጣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር። የተቆለፈባቸው ሰዎች ሰርቨርም እስከዚያች ቀን ድረስ አንድ ቀን አላስቸገረም።

ወደ ሄርማታ ጥያቄ ልመለስ። አንቲቫይረሱ ያለው ጌስቱ፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽኑ፣ ውስጥ ነው። እዚያ ያለውን ፋይል ያያል፣ እዚያ የሚሠራውን ፕሮግራም ያያል። ከሥሩ ባለው ሃይፐርቫይዘር (ማሽኖቹን በሚያስኬደው ኢኤስኤክስአይ) ላይ የሚሆነውን አያይም። አንተ ያነበብከው ቀዳዳ ደግሞ ከሥር ነው።

አንድ ቨርቹዋል ማሽን እውነተኛ ዩኤስቢ የለውም፣ እውነተኛ ኔትወርክ ካርድም የለውም። ያለው እነዚህን የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ቪኤምዌር ላይ ይህ ፕሮግራም ቪኤምኤክስ ይባላል፣ ለእያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን አንድ አንድ ሆኖ ሆስቱ ላይ ይሠራል። ጌስቱ ለዩኤስቢ ኮንትሮለሩ ትእዛዝ ሲልክ ተቀብሎ የሚፈጽመው እሱ ነው። አሁን አንድ ሰው ጌስቱ ላይ አድሚን ሆነ እንበል። ጤነኛ ድራይቨር በፍጹም የማይልከውን ትእዛዝ፣ በማይጠበቅ ቅደም ተከተል መላክ ይችላል። ቪኤምኤክሱ በሜሞሪ አያያዙ ከተሳሳተ አጥቂው የራሱን ኮድ እዚያ ውስጥ ያስኬዳል። ያን ጊዜ ከጌስቱ ወጥቷል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 2024 ቪኤምዌር ይፋ ያደረጋቸው ሲቪኢ-2024-22252 እና 22253 ይኸው ናቸው። አንዱ ኤክስኤችሲአይ በሚባለው፣ ሌላው ዩኤችሲአይ በሚባለው የዩኤስቢ ኮንትሮለር ላይ ነው። ሁለቱም ዩዝ-አፍተር-ፍሪ (የተለቀቀ ሜሞሪን መልሶ መጠቀም) ናቸው። ለወርክስቴሽንና ለፊውዥን (በግል ኮምፒውተር ላይ ለሚጫኑት የቪኤምዌር ምርቶች) ከ10 9.3 የአደገኝነት ነጥብ ሲሰጣቸው ለኢኤስኤክስአይ 8.4 ተሰጣቸው። ኢኤስኤክስአይ ቪኤምኤክሱን ሳንድቦክስ በሚባል አጥር ውስጥ ስለሚዘጋው ነው ልዩነቱ። ደስ አይበልህ፣ እዚያው ማስታወቂያ ላይ 22254 የሚባል ሌላ ቀዳዳ አለ፣ እሱ ከዚያ ሳንድቦክስ ማስወጫ ነው።

ቦዬ_ጉማሬ፦

ተማሪ ነኝ፣ ይቅርታ። ዩዝ-አፍተር-ፍሪ የሚለውን ሌክቸር ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ግን እንዴት ወደ «ኮድ ማስኬድ» እንደሚደርስ አልገባኝም። ፕሮግራሙ ክራሽ አያደርግም?

ኪቶ_ሊነክስ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ክራሽ ያደርጋል። አጥቂው ግን ክራሽ አይደለም የሚፈልገው።

መንደራ አካባቢ ቤት የተከራየ ሰው አስብ። ለቀቀ፣ ግን ቁልፉን አስቀርቶ ሄደ። አከራዩዋ ቤቱን ለሌላ ሰው አከራዩት። ቁልፉ አልተቀየረም። ያ የድሮው ተከራይ አሁንም በር ከፍቶ ይገባል፣ ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ የራሱ ይመስለዋል።

ፕሮግራሙ ላይ ስትመልሰው፦ ኮዱ ለአንድ የዩኤስቢ ጥያቄ ሜሞሪ ይይዛል፣ ሥራው ሲያልቅ ይለቀዋል። ሌላ የኮዱ ክፍል ግን የዚያን ሜሞሪ አድራሻ እንደያዘ ነው። አጥቂው ከጌስቱ ሆኖ ሌሎች ጥያቄዎችን ይልካል፣ በተለቀቀው ቦታ ላይ እሱ የመረጠው ዳታ እንዲሰፍር ያደርጋል። ከዚያ ያ የድሮው አድራሻ ጥቅም ላይ እንዲውል ያደርጋል። ፕሮግራሙ እዚያ ቦታ ላይ «ቀጥሎ ይህን ፈንክሽን ጥራ» የሚል አድራሻ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የሚያገኘው አጥቂው የጻፈውን ነው። ወደዚያ ይዘላል። ክራሽ የለም፣ ሎግ የለም፣ ዝም ብሎ ይቀጥላል።

በተግባር ከዚህ ይከብዳል። ሜሞሪው የት እንዳለ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፣ አድራሻዎቹ በየጊዜው ስለሚቀያየሩ። ለዚህ ነው እነዚህ ማስታወቂያዎች ላይ ሜሞሪ ላይ ከሚያስጽፈው ቀዳዳ ጎን አብዛኛውን ጊዜ «መረጃ የሚያሾልክ» ቀዳዳ የምታየው። ነጥቡ ዝቅተኛ ስለሆነ ሰው ያልፈዋል። ለአጥቂው ግን ካርታው እሱ ነው። ሲቪኢ-2024-22255 ለምሳሌ።

ጋሽ_ዩፒኤስ፦

ልጆች፣ እኔ የሃርድዌር ሰው ነኝ። ካቦና ባትሪ ነው የማውቀው። ግን አንድ ነገር ጠይቄ ልለፍ። ባክአፑ እዚያው ሰርቨር ላይ ነው ያልከው? እዚያው ዲስክ ላይ?

ሄርማታ_አድሚን፦

አዎ ጋሼ። ሌላ ዲስክ ላይ ነው፣ ግን እዚያው ሳጥን ውስጥ።

ጋሽ_ዩፒኤስ፦

እንግዲያው ሀከሩን ተወው። በክረምት መብራት እየሄደ እየመጣ አንድ ቀን ፓወር ሰፕላዩ ከነማዘርቦርዱ ቢሄድስ? መርካቶ ጋ እንዲህ ሆኖባቸው ያለቀሱ ሰዎች አውቃለሁ። ነገ ጠዋት አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ግዛ፣ ቅዳና ንቀለው። ሌላውን ከዚያ በኋላ ታወራለህ።

አዲስ_ሲስተም፦

ጋሼ ያሉትን እኔም አስቀድማለሁ። ሌላውን ላክልበት፣ አዲስ አበባ ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው የምሠራው።

የኪቶ ማብራሪያ ትክክል ነው፣ ግን የ2024ቱ ላይ ከቆምክ ዘግይተሃል። እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 2025 ሌላ ወጥቷል። ሲቪኢ-2025-22224፣ 22225 እና 22226። ሦስቱንም ለኩባንያው ያሳወቀው የማይክሮሶፍት የደኅንነት ቡድን ነው። የመጀመሪያው ቪኤምሲአይ በሚባለው፣ ጌስትና ሆስት በሚነጋገሩበት መስመር ላይ ያለ ነው። ፕሮግራሙ መጠኑን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ይጠቀምበታል። በመካከል ያለችው ቅጽበት ውስጥ ጌስቱ ዋጋውን ይቀይረዋል። ውጤቱ ከወሰን ውጪ መጻፍ ነው። ነጥቡ 9.3። ማስታወቂያው ሲወጣ ሰዎች እየተጠቁበት ነበር፣ ኩባንያውም አልደበቀም። እና ዩኤስቢ አውጣ እንደሚባለው ዓይነት ማለፊያ የለውም። ፓች (የኩባንያው ማስተካከያ) ብቻ። ለአንተ 7 መስመር 7.0 አፕዴት 3ኤስ ነው የዘጋው።

በዚያው ዓመት ሜይ ላይ በርሊን በተካሄደው ፑዋን-ቱ-ኦውን የተባለ የቀዳዳ ፍለጋ ውድድር የሲንጋፖሩ የደኅንነት ኩባንያ ስታር ላብስ ሰው ኢኤስኤክስአይን ከጌስት ሆኖ ሰበረው። በውድድሩ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር፣ 150,000 ዶላር ተሸለመ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 2025 ደግሞ ከዚያ ውድድር የመጡት ቀዳዳዎች ከነማስተካከያቸው ይፋ ሆኑ። አንዱ ሲቪኢ-2025-41236 ነው፣ ቪኤምኤክስኔት3 በሚባለው ቨርቹዋል ኔትወርክ ካርድ ላይ ያለ ኢንቲጀር ኦቨርፍሎው (ቁጥር ከልኩ ሲያልፍ የሚፈጠር ስሕተት)። ሌላው ፒቪስካዚ ላይ ነው፣ የዲስክ ኮንትሮለሩ። ለ7 መስመር 7.0 አፕዴት 3ደብሊው ነው።

ልብ በል፣ ኔትወርክ ካርድና ዲስክ ነው እየተባለ ያለው። ዩኤስቢውን ብታወጣ እነሱን አታወጣም።

ፈረንጅ_አራዳ፦

እሺ ይሁን። ግን ይህ ሁሉ «ጌስቱ ላይ አድሚን ከሆነ» ነው የሚለው። አድሚን እስኪሆን ድረስ ምን ሲሠራ ነበር አይቲው? እዚያ ከደረሰ ድሮም አልቆልሃል።

አዲስ_ሲስተም፦

አላለቀም፣ ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው። ሂሳብ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው «ኢንቮይስ» የሚል አታችመንት ቢከፍትና ፒችትሪው ማሽን ቢያዝ፣ ጥሩ ባክአፕ ካለህ አንድ ማሽን ነው የጠፋብህ። መልሰህ ትጭናለህ። ከዚያ ማሽን ወደ ሆስቱ ከወጣ ግን አራቱንም በአንድ ጊዜ ነው የሚቆልፍልህ፣ ባክአፑን ጨምሮ። አራቱ ማሽኖች ተለያይተው የተቀመጡት በዚያች ግድግዳ ተማምነን ነው።

ደግሞ አድሚን መሆን ከባድ ነው ያለህ ማነው? እኔ ካየኋቸው ቢሮዎች ግማሹ ውስጥ ፒችትሪ «እንዲሠራ» ተብሎ ሁሉም ዩዘር አድሚን ተደርጓል።

ሄርማታ_አድሚን፦

😬 የኛም እንደዚያው ነው። ሳገኘውም እንደዚያ ነበር።

ኪቶ_ሊነክስ፦

እሱን ዛሬ ማታ ለውጠው። ለፒችትሪ ፎልደሩ ብቻ የመጻፍ ፈቃድ ስጥ፣ ሰዎቹን ከአድሚን ግሩፕ አውጣ። ብር አያስከፍልም።

ስለ አንቲቫይረሱ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ባለቤቱ ያነሱት ነገር ቀላል አይደለም። አንቲቫይረስ ራሱ ሶፍትዌር ነው። ሥራው ደግሞ አደገኛ ነው፤ ከማያውቀው ሰው የመጣን ማንኛውንም ዓይነት ፋይል፣ ተጠቃሚው ሳይከፍተው፣ በከፍተኛ ሥልጣን ገልጦ ማንበብ። ይህን የሚያነበው ኮድ አብዛኛው በሲ እና በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነው። በነዚህ ቋንቋዎች የሜሞሪውን ልክ የሚጠብቀው ፕሮግራመሩ ራሱ ነው፣ አንዲት ስሌት ከሳተ የሚይዘው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የጉግል ቀዳዳ ፈላጊ ቡድን፣ የፕሮጀክት ዚሮው ታቪስ ኦርማንዲ ሲማንቴክ አንቲቫይረስ ላይ ያገኘውን ተመልከት። ሲቪኢ-2016-2208። አስፓክ በሚባል መሣሪያ የታመቀ ፋይል የሚፈታው ኮድ ከመጠን በላይ ይጽፋል። ዊንዶውስ ላይ ይህ ኮድ የሚሠራው ከርነል (የዊንዶውሱ እምብርት) ውስጥ ነበር። ፋይሉን በኢሜይል መላክ ብቻ በቂ ነው፣ ተቀባዩ ባይከፍተውም አንቲቫይረሱ ይከፍተዋላ። በዓመቱ ዊንዶውስ ዲፌንደር ላይ ተመሳሳይ ነገር ተገኘ፣ ሲቪኢ-2017-0290። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ዘጋው፣ በ2018 ደግሞ ዲፌንደር ሳንድቦክስ ውስጥ እንዲሠራ የሚያስችል ነገር አወጣ።

ሊነክስ ላይ ያላችሁም አትሳቁ። ክላምኤቪ የተባለው አንቲቫይረስ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲቪኢ-2023-20032 ወጣበት፣ 9.8። የማክን የዲስክ ፎርማት የሚያነብ ኮድ ላይ የሂፕ ኦቨርፍሎው። ጅማ ውስጥ ስንት ሰው ነው የማክ ዲስክ ኢሜጅ በኢሜይል የሚላክለት? ግን ኮዱ እዚያ ተቀምጧል፣ ሲመጣለት ያነባል።

ቦዬ_ጉማሬ፦

እና አንቲቫይረሱን ያውርደው እያልሽ ነው?

ኪቶ_ሊነክስ፦

አይ፣ ኧረ እንደዚያ አላልኩም። ፒችትሪው ማሽን ላይ የሚመጣው ተራ ቫይረስ ነው፣ ለሱ ያስፈልገዋል። እያልኩ ያለሁት ኢንጂኑ (ፋይሉን የሚመረምረው ክፍል) ራሱ አፕዴት ይደረግ ነው። ብዙ ሰው የቫይረስ ዝርዝሩ በየቀኑ መውረዱን አይቶ ይተኛል። ኢንጂኑና ፕሮግራሙ ግን ሌላ ነገር ናቸው፣ ቨርዥናቸውን ለብቻ እይ።

ደግሞ የባክአፑ ማሽን ላይ ኢሜይል የሚከፍት ሰው ከሌለ፣ የሁሉንም ፋይል የሚበረብር ሙሉ የደኅንነት ጥቅል እዚያ ለምን እንደተጫነ ጠይቅ። አገልግሎት በተጨመረ ቁጥር ሊሰበር የሚችል ኮድም ይጨመራል።

ፈረንጅ_አራዳ፦

ታዲያ ቪኤምዌርን ጥሎ ሌላው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር፣ ፕሮክስሞክስ መግባት ነዋ። ነጻ ነው፣ የቪኤምዌር ባለቤት የብሮድኮም ጣጣም የለበትም።

አዲስ_ሲስተም፦

ለክፍያው ከሆነ ልክ ነህ። ብሮድኮም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2023 ቪኤምዌርን ከጠቀለለ በኋላ ነጻውን ኢኤስኤክስአይ በ2024 መጀመሪያ አቆመው፣ በኤፕሪል 2025 በ8.0 አፕዴት 3ኢ መለሰው። ልብ በል፣ 3ኢ ከጁላዩ ማስተካከያ በፊት የወጣ ነው። ስለዚህ «አዲሱን ነጻ ጫንኩ» ብለህ አትረፍ።

ለደኅንነቱ ከሆነ ግን ቀስ በል። ፕሮክስሞክስ ከሥሩ ኬቪኤምና ኪሙ የሚባሉ ፕሮግራሞች ናቸው። ኪሙም በሲ የተጻፈ ነው፣ እሱም ዕቃ ያስመስላል። ቬኖም የተባለውን ቀዳዳ አታስታውስም? ሲቪኢ-2015-3456፣ የክራውድስትራይኩ ጄሰን ጌፍነር ያገኘው። የፍሎፒ ዲስክ ኮንትሮለር ላይ! ኮዱ ከ2004 ጀምሮ እዚያ ተቀምጦ ነበር። ፍሎፒ የሚጠቀም ቨርቹዋል ማሽን ማንም አልነበረውም። ይባስ ብሎ ፍሎፒውን ብታጠፋውም በሌላ ስሕተት ምክንያት ኮዱ አይጠፋም ነበር።

ጋሽ_ዩፒኤስ፦

ፍሎፒ! እኔ ቤት አሁንም አንድ ካርቶን አለ። ማን ይፈልጋል?

ኪቶ_ሊነክስ፦

😂 ጋሼ ለሙዚየም ይስጡልን።

አዲስ ያለው ልክ ነው፣ ግን ለፕሮክስሞክስ አንድ ነገር ልመስክር። ፓቹ እጅህ ላይ ይደርሳል። ክፍያ የሌለበት ሪፖዚተሪ (የማውረጃ ማከማቻ) አለ፣ ዴቢያን እንደምታድስ ታድሳለህ። ብሮድኮም ጋ ግን ውል ያለው አካውንት ከሌለህ ማስታወቂያውን አንብበህ ፓቹን ማውረድ የማትችልበት ሁኔታ አለ። ለትንሽ ድርጅት ይህ ከቀዳዳው ራሱ ይከፋል። ከ2024 ጀምሮ ፕሮክስሞክስ ከኢኤስኤክስአይ ማሽኖችን በቀጥታ የሚያስገባበት መንገድም ጨምሯል።

በረጅሙ መፍትሔው ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2019 በየዓመቱ ከሚዘጋቸው ቀዳዳዎች 70 በመቶ አካባቢው የሜሞሪ ጉዳይ ነው ብሏል። አንድሮይድ አዲስ ኮድ በሩስትና ሜሞሪውን ራሳቸው በሚጠብቁ መሰል ቋንቋዎች መጻፍ ሲያበዛ የዚህ ዓይነቱ ቀዳዳ ድርሻ በ2019 ከነበረበት 76 በመቶ በ2024 ወደ 24 ወረደ። አማዞን ፋየርክራከር የሚባለውን ትንሽ የቨርቹዋል ማሽን ማስኬጃ ገና ከመጀመሪያው በሩስት ጻፈው፣ በ2018 ኮዱን ለቀቀው። የሚያስመስላቸው ዕቃዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ፍሎፒ የለም፣ ዩኤስቢ የለም። እኔን የሚገርመኝ ከሩስቱ ይልቅ ያ የዕቃ ማነስ ነው። ክላምኤቪም ከ0.105 ጀምሮ ውስጡ ሩስት ገብቶበታል። ግን ይህ ለሄርማታ የዚህ ሳምንት መልስ አይሆነውም። ፋየርክራከር ላይ ፒችትሪ አይጫንም።

ሄርማታ_አድሚን፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ገለቶማ። ስለ ዶንግሉ ግን ማንም አልነገረኝም።

አዲስ_ሲስተም፦

ዶንግሉ የሚያስፈልገው የሚዛኑ ማሽን ብቻ ነው አይደል? እንግዲያው ከሌሎቹ ከሦስቱ ላይ የዩኤስቢ ኮንትሮለሩን አውጣ። ማሽኑ መጥፋት አለበት። ካጠፋህ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ኮንትሮለሩን ታነሳለህ። ዊንዶውስና ሊነክስ ላይ ኮንሶሉ ላይ ያለው ኪቦርድና ማውስ መሥራቱን ይቀጥላል፣ በዩኤስቢ ስለማይሄድ። ችግር የሚፈጥረው እንደ ማክ ኦኤስ ያለ ጌስት ላይ ነው፣ አንተ ጋ የለም።

ለሚዛኑ ደግሞ ዩኤስቢን በኔትወርክ የሚያሳልፍ ትንሽ ሣጥን አለ። ዶንግሉን እዚያ ላይ ትሰካለህ፣ ጌስቱ ላይ ድራይቨሩን ትጭናለህ፣ ከቨርቹዋል ማሽኑ ኮንትሮለሩን ታወጣለህ። ሁሉም ዶንግል አይቀበለውም፣ ከመግዛትህ በፊት ሞክረህ እይ። ካልሆነ የሚዛኑ ማሽን ላይ ኮንትሮለሩን ተወው። በዚያ ማሽን ላይ ኢሜይልና ብራውዘር እንዳይከፈት ዝጋ፣ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ያው አስቀድሜ እንዳልኩት ይህ የ2024ቱን ብቻ ነው የሚቀንስልህ። ፓቹን አይተካም።

ኪቶ_ሊነክስ፦

ማኔጅመንቱንም አትርሳ። የኢኤስኤክስአይ መግቢያ ገጽ ከሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር ላይ የሚከፈት ከሆነ ለየው። ለብቻው ቪላን (የተለየ የኔትወርክ ክፍል) አድርግ፣ ካንተ ላፕቶፕ በቀር እንዳይደርስበት። ኢንተርኔት ላይ ከሆነማ ይህን ጽሑፍ አንብበህ ሳትጨርስ ዝጋው። ይህ ከጌስት የሚወጣውን አያቆምም፣ ግን እንደ 2023ቱ ያለውን ያቆማል።

እና 7 መስመር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። 3ደብሊው ላይ ብትደርስም እዚያ ብዙ መቆየት የለብህም።

ሄርማታ_አድሚን፦

አየሁት፣ የኔ ገና 7.0 አፕዴት 3ኤን ነው። የማርቹም የጁላዩም የለውም። 8 ደግሞ ይህን ፕሮሰሰር አይቀበለውም ይለኛል።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ጋሽ ዩፒኤስ እንዳሉት ነገ ኤክስተርናል ዲስኩ ይገዛል፣ አራቱም ይቀዳሉ፣ ዲስኩ ተነቅሎ ባለቤቱ ቤት ይቀመጣል። አድሚን የሆኑትን ዛሬ አወርዳለሁ። ለባለቤቱ «አንቲቫይረሱ ቤቱ ውስጥ ነው፣ እኔ የማወራው ስለ መሠረቱ ነው» ብዬ አስረዳሁት፣ የገባው መሰለኝ፣ ቢያንስ ብሩን ፈቀደ። ያረጀች ግን ደህና የሆነች አንዲት ኮምፒውተር አለችን፣ ባክአፑን ወደሷ አወጣዋለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት፣ መጋዘኑ ሲዘጋ፣ ወደ ፕሮክስሞክስ ማዞር እጀምራለሁ። መጀመሪያ ፋይል ሰርቨሩን፣ ሚዛኑን መጨረሻ ላይ። ኢሜይል የሚከፈትበትን የሂሳቡን ማሽን ከሌሎቹ ጋር አንድ ሳጥን ላይ ላለማስቀመጥ እያሰብኩ ነው፣ ግን ለሱ ሁለተኛ ሰርቨር ያስፈልጋል፣ አሁን አይታሰብም።

ጋሽ_ዩፒኤስ፦

ቅዳሜ ከመጀመርህ በፊት የዩፒኤሱን ባትሪ ፈትሽ። ሶኬቱን ንቀልና ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ እይ፣ ግን ሰርቨሩን ሳይሆን አምፖል ሰክተህበት። ዲስክ እየተገለበጠ መብራት ቢሄድ ከሀከር የባሰ ነው። ባትሪው ካረጀ ደውልልኝ፣ መርካቶ ጋ የት እንደምታገኝ አሳይሃለሁ።

አዲስ_ሲስተም፦

ኢምፖርቱን ከመጀመርህ በፊት የየማሽኖቹን ስናፕሾት (የቆየ ሁኔታ ቅጂ) አጥፋ፣ ያዘገየዋል። ዊንዶውሶቹ ላይ ደግሞ የፕሮክስሞክስን ቨርቹዋል ዲስክ የሚያስነብበውን ቨርትአይኦ ድራይቨር አስቀድመህ ጫን፣ አለዚያ ዲስኩን አላገኘሁትም ብሎ አይነሳም።

ፈረንጅ_አራዳ፦

እእ... የሰርቨሩ ቨርዥን የት ነው የሚታየው? ለማወቅ ያህል ነው።

ኪቶ_ሊነክስ፦

በብራውዘር ስትገባ «ሆስት» የሚለውን ንካ። ላይኛው ክፍል ላይ ቨርዥኑና የቢልድ ቁጥሩ ጎን ለጎን ተጽፈዋል። የምታወዳድረው የቢልድ ቁጥሩን ነው።

ፈረንጅ_አራዳ፦

6.7 ይላል።

ኪቶ_ሊነክስ፦

6.7 እኮ ድጋፉ ያበቃው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2022 ነው። ፖርት 427 ከውጭ ክፍት መሆን አለመሆኑን አሁኑኑ እይ፣ ከዚያ የራስህን ክር ክፈትና ዝርዝሩን ጻፍልን። ይህን የሄርማታ አድርገን እንተወው።